ሞተሃል! አልሞትኩም!
በጨዋታ ውስጥ ስለመሞትና ስለ ተጫዋቾች ልዩ ልዩ ፍላጎት የቀረበ ዳሰሳ

በወሎ ከላላ ደጋ ላይ ከብት የሚጠብቁ ልጆች ጦርነት ሲጫወቱ የሚጣሉት ማን ተመታ፣ ማን ተሳተ በሚለው ነው። አንዱ ከድንጋይ ካብ ጀርባ ዱላውን እንደ ጠመንጃ ደግኖ "ሞተሃል!" ይላል። ሌላው "ስተኸኛል! አልሞትኩም!" ብሎ ሩጫውን ይቀጥላል። ዳኛ የለም፣ የተጻፈ ሕግ የለም፣ የሚታይ ቁስል የለም። ነገሩ የሚበርደው ወይ ሟቹ ልቡ ፈቅዶ ሲወድቅ፣ ወይ ከሁሉ የሚበልጠው ልጅ ሲፈርድ፣ አለዚያም "እሺ፣ እግርህን ቆስለሃል፤ እያነከስክ ተጫወት" የሚል እርቅ ሲገኝ ነው። መካነ ሰላም ከተማ ውስጥም ሆነ አዲስ አበባ ኮንዶሚኒየም ግቢ ክርክሩ ያው ነው።

በዚሁ ጉዳይ ጎልማሶች ጠረጴዛ ከበው፣ ወረቀትና እርሳስ ይዘው ከሃምሳ ዓመት በላይ ሲከራከሩ ኖረዋል። የሚጫወቱት በአገራችን ብዙም ያልተለመደ የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ነው። አካሄዱ አያስቸግርም። አራት አምስት ሰዎች ይሰበሰባሉ። እያንዳንዱ አንድ ሰው ይፈጥራል፤ ስም ያወጣለታል፣ ሙያ፣ ጉልበትና ድክመት ይሰጠዋል። አንዱ የጨዋታው መሪ ይሆንና ዓለሙን ይተርካል፦ "ድልድዩ ተሰብሯል፤ ከማዶ ችቦ ይታያል፤ ምን ታደርጋለህ?" ተጫዋቹ ያሰበውን ይናገራል። መሳካት አለመሳካቱ ሲያጠራጥር ዳይስ ይወረወራል። ጨዋታው በአንድ ምሽት አያልቅም፤ ያው ቡድን በየሳምንቱ እየተገናኘ ለዓመታት ሊቀጥል ይችላል። እንግዲህ ሁለት ዓመት ያሳደጉት፣ ጠባዩን የለመዱት፣ በስሙ የተጠሩበት ሰው አንድ ማታ በአንድ ክፉ ዳይስ ሊወድቅ ነው። ይሙት ወይስ ይትረፍ?

አንዱ ወገን "ሞት የሌለበት ጨዋታ ምን ጨዋታ ነው?" ይላል። ሌላው "ታሪኬን በአጋጣሚ አታቋርጡብኝ" ይላል። ሁለቱም ጥሩ መከራከሪያ አላቸው፤ ሁለቱንም ሳነብ ግን ጠቡ በእርግጥ ስለ ሞት መሆኑን እጠራጠራለሁ። ሰዎቹ ለተለያየ ነገር መጥተው፣ ምን እንዳስያዙ ሳይነጋገሩ ተቀምጠዋል። ገጸ ባሕርይ እስኪሞት ድረስ ልዩነታቸው አይታይም፤ ሲሞት ግን ይፈነዳል። የእኛ የቆዩ ጨዋታዎች ይህንን ጥያቄ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው መንገድ መልሰውታል፤ ስለዚህ ከቤት መጀመር ይሻላል።

ሉዶ ከውጭ የመጣ ቢሆንም የእኛ ሆኗል። ወደ ቤት ሊገባ ጥቂት የቀረው ጠጠር ከተበላ ወደ መነሻው ይመለሳል። ባለቤቱ ያጣው የደከመበትን መንገድ ነው፤ ጠጠሩ ግን እንደገና ይወጣል። ቅኔ ጌምስ የተባለው የአዲስ አበባ ድርጅት የሠራው ኩኩሉ የሞባይል ጨዋታም ከዚህ አይርቅም፤ ለበዓል ልትታረድ ያለችው ዶሮ ከገበሬው ታመልጣለች፣ ትያዛለች፣ ተጫዋቹ እንደገና ይጀምራል። በእነዚህ ውስጥ ሞት መቅጫ ብቻ ነው። ገበጣ ግን ቀስ ብሎ ይገድላል። በብዙ ቦታ በሚጫወቱት ዓይነት አንድ ዙር አልቆ ጠጠሩ እንደገና ሲደረደር፣ ብዙ የሰበሰበው ሰው ከባላጋራው ጉድጓዶች የተወሰኑትን በእጁ ያደርጋል፤ ያኛው የቀረችውን ጉድጓድ ይዞ ይቀጥላል። እዚህ መሞት ማለት ድንበር በድንበር መጥበብ ነው። ያነሰው ሰው አንዳንዴ ያንሰራራል፤ ስለዚህም ነው ገበጣ ተጫዋቾች አጠገብ ቆሞ የሚያይ ሰው በቀላሉ የማይሄደው።

ከሁሉ የሚደንቀኝ የድሮው የኢትዮጵያ ሰንጠረዥ ነው። ዛሬ ዓለም አቀፉ ቼዝ ተክቶታል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ዐፄ ልብነ ድንግል ከአንድ የቬኒስ ሠዓሊ ጋር ይጫወቱት እንደነበር ተጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ ትግራይ የመጣው እንግሊዛዊው ሄንሪ ሶልት ራስ ወልደ ሥላሴ ሰንጠረዥ ሲጫወቱ ያየውን መዝግቧል። ፕሮፌሰር ሪቻርድ ፓንክረስት ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1971 የጨዋታውን ታሪክና ሕግ አሰባስበው አሳትመዋል። ጨዋታው ሲከፈት ተራ የሚባል ነገር የለም። ወረራ በሚባለው በዚህ ክፍል ሁለቱም ተጫዋቾች እንደ እጃቸው ፍጥነት በአንድ ጊዜ ሠራዊታቸውን ያሰልፋሉ፤ የባላጋራን አሰላለፍ እያዩ የራስን መለወጥም ይቻላል። ተራ መጠበቅ የሚጀመረው የመጀመሪያው ጠጠር ሲገደል ነው። ሥርዓት የሚመጣው ከሞት ጋር ነው ማለት ነው፤ እስከዚያ ድረስ ግርግር ነበር።

አጨራረሱ ደግሞ ከዚህ ይብሳል። ሠራዊቱ ሁሉ አልቆበት ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይገደልም። ስለዚህ ማሸነፍ የሚፈልግ ሰው የባላጋራውን ወገን ጨርሶ እንዳይፈጅ መጠንቀቅ አለበት፤ ያገኘውን ሁሉ የሚበላ ስስታም በመጨረሻ ባዶ እጁን ይቀራል። ግድያው በማን እጅ እንደተፈጸመም ይታያል። በኃይለኞቹ ጠጠሮች ንጉሥን ማጥመድ የማያስመሰግን ሲሆን፣ በደካሞቹና በእግረኞቹ ማጥመድ ተመልካችን ያስጨበጭባል። ይህ ጨዋታ የሚጠይቀው "ሞተ ወይ?" ብሎ ብቻ አይደለም። ማን ገደለው፣ እንዴት ገደለው፣ ሲሞት ከጎኑ ማን ነበረ ብሎም ይጠይቃል። ከብዙ ዘመን በኋላ የውጭ ተጫዋቾች በጠረጴዛ ዙሪያ የደረሱበት ብዙ ነገር በዚያ ባለ ቀይ ጨርቅ ገበታ ላይ ተጀምሮ ነበር።

ወደ ገጸ ባሕርይ ጨዋታ ይበልጥ የሚቀርበው ግን የማታ እንቆቅልሽ ነው። እሳት ዳር አንዱ "እንቆቅልህ!" ይላል፤ ሌላው "ምን አውቅልህ!" ብሎ ይቀበላል። ጥያቄው ይቀርባል። መላሹ ካቃተው ጠያቂው "አገር ስጠኝ" ይለዋል። የከላላ ልጅ ደሴን ሊሰጥ ይችላል፣ ጎንደርን፣ አዲስ አበባን፤ ጠያቂው ካልጣመው ሌላ ይጠይቃል። አገሩን ከተረከበ በኋላ ግን እዚያ ገብቶ እንዴት እንደተንደላቀቀ፣ ምን እንደበላና እንደጠጣ፣ ተሸናፊውን ደግሞ ምን ዓይነት ውርደት እንዳከናነበው በአንድ ትንፋሽ ይዘረግፈዋል። ቤቱ ይስቃል። መልሱ የሚነገረው ከዚያ በኋላ ነው። ልብ ብሎ ላየው ሽንፈቱ ጨዋታውን አላቆመውም፤ ሰው ሁሉ የሚጠብቀው ጣፋጩ ክፍል የሚገኘው ከሽንፈቱ በኋላ ነው። ተሸናፊው ደግሞ ከጨዋታው አልወጣም። ንጉሥ ሆኖ አገር ሰጥቷል፤ ተሰድቧል፤ ቀጥሎ እሱ ጠያቂ ይሆናል። በገና ጨዋታም ይህ ጠባይ አለ፦ ዱላና ሩር ይዘው ሜዳ የወጡ ሰዎች ሲሸናነፉ የተሸነፈው ወገን በስድብ ግጥም ይወርድበታል፤ በዚያ ቀን ጌታ እንኳ በጨዋታ እንደማይቆጣ የታወቀ ነው። የሜዳው ስድብ ማታ ከሰው ጋር ወደ ቤት እንዳይገባ ሕጉ አስቀድሞ በሩን ዘግቷል።

ወደ ውጭው እንለፍ። የፕሩሲያ መኮንኖች እ.ኤ.አ. ከ1824 ጀምሮ ካርታ ላይ ጦርነት ይለማመዱ ነበር፤ ዳኛም ነበራቸው፣ ዳይስም ነበራቸው። በካርታ ላይ ለሚጠፋ ሻለቃ ማንም አያለቅስም፤ የሚሰረዝ ቁጥር ነው። ለውጡ የመጣው እ.ኤ.አ. በ1969 በአሜሪካ ሚኒሶታ፣ ዴቪድ ዌስሊ የተባለ ወጣት ብራውንስታይን በተባለው ጨዋታው ለተጫዋቾቹ ክፍለ ጦር መስጠቱን ትቶ ለእያንዳንዳቸው አንድ ሰው ሲያድል ነው። የእሱ ባልንጀራ ዴቭ አርነሰን ሐሳቡን ወደ ምናባዊ ዓለም ወሰደው። እዚህ ላይ የሆነው ነገር ለጉዳያችን ቁልፍ ነው። አርነሰን መጀመሪያ በተጠቀመበት ሕግ የተሳካ አንድ ምት ይገድል ነበር። ተጫዋቾቹ ጭራቁን በአንድ ምት መግደላቸው አልከፋቸውም፤ ጭራቁ እነሱን በአንድ ምት ሲጥላቸው ግን አጉረመረሙ። አርነሰንም ከባሕር ጦርነት ጨዋታ አንድ መርከብ ስንት ምት ችሎ እንደሚሰጥም የሚቆጥረውን ዘዴ ወስዶ ለሰው አዋለው። ዛሬ በብዙ የቪዲዮ ጨዋታ ስክሪን ጥግ ላይ እየቀነሰች የምናያት የሕይወት መስመር የዚያ ማጉረምረም ልጅ ናት። ክርክሩ ከጨዋታው ጋር አብሮ ተወለደ ማለት ነው።

አርነሰንና ጋሪ ጋይጋክስ ዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ የተባለውን የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ያሳተሙት እ.ኤ.አ. በ1974 መጀመሪያ ነው፤ በእኛ 1966 ዓ.ም.፣ አብዮቱ ሊፈነዳ ጥቂት ሲቀረው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀማሪ ገጸ ባሕርይ በአንድ ጩቤ ይሞት ነበር፤ ተጫዋቹም አዲስ ሰው ለመፍጠር ብዙ ደቂቃ አይፈጅበትም። ጋይጋክስ እ.ኤ.አ. በ1975 ለአንድ ውድድር ያዘጋጀው፣ በ1978 የታተመው የሰቆቃ መቃብር የተሰኘ ጀብዱ የዚህ ስልት ጫፍ ነው። የማይሸነፍ ሰው አለን ብለው ለሚኩራሩ ተጫዋቾች ታስቦ የተሠራ ስለሆነ በየእርምጃው የሚገድል ወጥመድ ሞልቶታል። ከዚያ በሕይወት መውጣት የጥንቃቄና የብልሃት ምስክር ወረቀት ነው። በእንዲህ ያለው ጠረጴዛ ሞትን ያነሣ ሰው ጨዋታውን አፍርሶታል፤ የሚለካበት ሌላ ነገር የለምና። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቭለር እንዲያውም ከዚህ አልፎ ገጸ ባሕርዩ ገና ሲፈጠር፣ ጨዋታው ሳይጀመር ሊሞት የሚችልበትን ሕግ አወጣ። እኔን ያስቀኛል፤ የወደዱት ግን ብዙ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ1981 የሳንዲ ፒተርሰን የክቱሉ ጥሪ መጣ። ይህ የፍርሃት ጨዋታ ነው፤ ገጸ ባሕርዮቹ ከሞት ይልቅ እብደትን ይፈራሉ፤ ማንም በደህና ይመለሳል ብሎ አይጠብቅም። ሦስት ዓመት ቆይቶ የወጣው ፓራኖያ ግን ሞትን ቀልድ አደረገው፦ እያንዳንዱ ሰው ስድስት ትክክለኛ ቅጂ አለው፤ አንዱ በጓደኛው ክህደት ሲሞት ቀጣዩ ወዲያው ይመጣል፣ ሳቁ ይቀጥላል። እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የጄሰን ሞርኒንግስታር ፊያስኮ ደግሞ ሁሉም ነገር እንደሚበላሽ አስቀድሞ ይነግራል፤ ተጫዋቾቹ የሚደሰቱት ውድቀቱን አሳምረው በመሥራት ነው። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው አሥር ሻማ ይባስ ብሎ ሁሉም እንደሚሞት ከመጀመሪያው ያውጃል፤ ጨለማ ክፍል ውስጥ ሻማዎቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። መሞቱ ስለታወቀ ጥያቄው ከመሞት በፊት ምን ዓይነት ሰው እንደነበሩ ብቻ ይሆናል። እነዚህን ሁሉ ጎን ለጎን ስናይ አንዱ ከሌላው የበለጠ ጨካኝ ወይም ሩኅሩኅ አይመስልም፤ እያንዳንዱ በሩ ላይ የጻፈውን አክብሯል።

ስለ ጨዋታው የጻፉ ሰዎች ተጫዋቾችን ለመመደብ ብዙ ደክመዋል። ግሌን ብላኮ እ.ኤ.አ. በ1980 አራት ወገን አደረጋቸው፦ ኃይል የሚያካብቱ፣ ጦርነት የሚያሰሉ፣ ሰውን ሆነው የሚኖሩ፣ ታሪክ የሚሠሩ። ከሃያ ዓመት በኋላ ሮን ኤድዋርድስ ሦስት አደረጋቸው። ስለ ምደባዎቹ ብዙ አልልም፤ አንድ ሰው ሰኞ ስሌት፣ ዓርብ ታሪክ ሊያምረው ይችላል። ለእኛ ጉዳይ የሚጠቅመው ከነዚህ ወገኖች እያንዳንዱ ሞትን የሚያይበት ዓይን የተለየ መሆኑ ነው። ለሚያሰላው ሰው ሞት የስህተት ዋጋ ነው። ኃይል ለሚያካብተው ዝርፊያ ነው። ሰውዬውን ሆኖ ለሚኖረው ሐዘን ነው፤ ታሪክ ለሚሠራው ግን ቦታው ከተስማማ ስጦታ፣ ካልተስማማ ብክነት ነው። አራቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጦ አንድ የሞት ሕግ ማውጣት ሦስቱን ማስከፋት ነው።

ሁሉን ለማስደሰት የተሞከረው በገበያ ትልቁ በሆነው ጨዋታ ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 በወጣው የዳንጀንስ ኤንድ ድራጎንስ አምስተኛ እትም የወደቀ ሰው ወዲያው አይሞትም። በየተራው ዳይስ ይወረውራል፤ ሦስት መልካም ቀድሞ ካገኘ ይረጋጋል፣ ሦስት ክፉ ካገኘ ይሞታል። ከሞተም በኋላ 500 ወርቅ የሚያወጣ አልማዝና የበረታ ካህን ያለው ቡድን ያስነሣዋል። ይህ ሕግ ብልህ ነው፤ ጓደኞች ሮጠው እንዲደርሱ ጊዜ ይሰጣል፣ በጠረጴዛው ዙሪያ ያለው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል። ጉዳቱ ሀብታም ቡድን ሞትን እንደ ወጪ መዝግቦ ማለፍ መጀመሩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ዳንጀን ወርልድ ያመጣው መፍትሔ ይበልጥ ልቤን ይነካል፦ ሊሞት ያለው ሰው ከሞት ጋር ፊት ለፊት ይገናኛል፤ ዳይሱ መካከለኛ ከሆነ ሞት አንድ ውል ያቀርብለታል። ተቀብሎ ይመለሳል ወይም እምቢ ብሎ ይሄዳል። ሰው ከመልአከ ሞት ጋር ሲደራደር በተረት ለሰማ አበሻ ይህ እንግዳ ነገር አይሆንም።

ከነዚህ ሕጎች ሁሉ ውጭ የሚሠራ፣ ብዙ ጠረጴዛ ላይ ያለ፣ ማንም በግልጽ የማያወራው ሌላ ልማድ አለ፦ መሪው ከካርቶን መከለያ ጀርባ ዳይሱን አይቶ ሌላ ቁጥር ይናገራል። የሚያደርገው ከርኅራኄ ነው። የወደደውን ሰው ያተርፋል፤ ታሪኩም ይቀጥላል። እኔ ግን ከሁሉም የከፋው ይህ ይመስለኛል። ተጫዋቾቹ ያወቁ ዕለት ያለፈው ድላቸው ሁሉ ይረክስባቸዋል፤ ያ ድልድይ ላይ የተረፉት በብልሃታቸው ነበር ወይስ በመሪው ችሮታ? በአንጻሩ በድሮው የአደባባይ ሙግት ተሟጋቾቹ ማር፣ በቅሎ፣ ፈረስ እያሉ በዳኛና በሕዝብ ፊት ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይወራረዱ ነበር። የተያዘው ነገር አስቀድሞ ይታወቃል፤ የተረታው በሰው ፊት ይከፍላል። ሞት የሌለበት ጨዋታ መጫወት ምንም ነውር የለውም። ነውሩ ሞት አለ ብሎ አስቀምጦ በስውር ማንሳት ነው።

የሐዘኑ ነገር ለብቻው መታየት አለበት። ወጋየሁ ንጋቱ ፍቅር እስከ መቃብር የተባለውን ልቦለድ በሬዲዮ ሲያነበው አገሩ ሁሉ ለበዛብህና ለሰብለ ወንጌል አልቅሷል። ያ አድማጭ ግን በበዛብህ መሞት እጁ የለበትም። የገጸ ባሕርይ ጨዋታ ተጫዋች ዳይሱን የወረወረው ራሱ ነው፤ "ወንዙን እሻገራለሁ" ያለውም እሱ ነው። ስለዚህ ሐዘኑ ጸጸት ይቀላቀልበታል። አንዳንድ ቡድኖች ለሞተው ሰው አንድ ምሽት ሰጥተው ጓዶቹ እንዲያወሩለት ያደርጋሉ፤ ለቅሶ ቤት ተቀምጦ የሟችን ሥራ ማንሳት ለለመደ የወሎ ሰው ማስረዳት አያስፈልገውም። ከዚህ ሌላ እውነተኛው ሞት ቅርብ ነው። ደሴ በጥቅምት 2014 ዓ.ም. በጦርነት ተይዛ እስክትለቀቅ ድረስ ደቡብ ወሎ ያየውን አይቷል፤ ወንድሙን የቀበረ ወጣት ለጨዋታ ብሎ የተቀመጠበት ጠረጴዛ ላይ መንደር ሲቃጠል መስማት ላይፈልግ ይችላል። ጆን ስታቭሮፖሎስ እ.ኤ.አ. በ2013 ያስተዋወቀው ዘዴ ለዚህ ነው፦ ጠረጴዛው መሐል ኤክስ የተጻፈበት ካርድ ይቀመጣል፤ ማንም ሰው ሲነካው የተጀመረው ትዕይንት ምክንያት ሳይጠየቅ ይታለፋል። አንዳንድ አጥባቂ ተጫዋቾች ይንቁታል። እኔ እዚህ አገር ከመጀመሪያው ቀን ጠረጴዛ ላይ ባስቀምጠው ደስ ይለኛል።

ጨዋታውን ለመሞከር የሚፈልግ የከላላ ወይም የመካነ ሰላም ወጣት፣ መቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪም ቢሆን፣ ውድ መጽሐፍ አያስፈልገውም። ዳይሱ ግን ሊያስቸግር ይችላል። ሙስሊምና ክርስቲያን ተጋብቶና ተዋዶ በሚኖርበት ወሎ ብዙ የእስልምና ሊቃውንት የዳይስ ጨዋታን እንደማይፈቅዱ መታሰብ አለበት፤ ጎረቤቱን ጋብዞ በዳይስ ምክንያት ከደጅ መመለስ አሳፋሪ ነው። መፍትሔው እጅ ላይ አለ። ነገሩ ሲያጠራጥር ዳይስ በመወርወር ፈንታ መሪው እንቆቅልሽ ይጠይቅ። ከመለሰ ገጸ ባሕርዩ ተሻገረ፤ ካልመለሰ ወንዙ ወሰደው። ችሎታ ወዳዱ የሚፈተንበት ያገኛል፤ ታሪክ ወዳዱም እንቆቅልሹን ከትዕይንቱ ጋር የሚያዛምድ መሪ ካገኘ አይከፋውም።

የሞቱንም ሕግ ከዚያው ከእንቆቅልሹ ብወስድ ደስ ይለኛል፤ ከመጀመሪያው ምሽት በፊት ጮክ ተብሎ ይነገር። ገጸ ባሕርይህ ሲሞት "አገር ስጠኝ" ትባላለህ። ሰውዬህ በሕይወት ሳለ ከኖረበት፣ ከወደደው ወይም ከተዋጋለት ስፍራ አንዱን መርጠህ ለቡድኑ ትሰጣለህ፦ የወፍጮ ቤቱን መንደር፣ አባይ ማዶ ያለውን ገበያ፣ ዋሻውን። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስለዚያ ቦታ የሚተርከው መሪው ሳይሆን አንተ ነህ። ጓዶችህ እዚያ በደረሱ ቁጥር ማን በሩን እንደሚከፍትላቸው፣ ስለ ሟቹ ምን እንደሚወራ፣ ዕዳው ለማን እንደተረፈ የምትናገረው አንተ ትሆናለህ። አዲስ ሰው ፈጥረህ ከነሱ ጋር ትጓዛለህ። የሰጠኸው አገር ክፉ ከሆነ ጓዶችህ ሊሰድቡህ መብት አላቸው።